የአኪታን የመኸርና የበረዶ ወራት ምግቦች በየጊዜያቸው ለመቅመስ

አኪታ በጃፓን ትልቁ ደሴት በሆንሹ ሰሜን ምዕራብ የምትገኝ፣ በሩዝ ማሳዋ፣ በጥድ ደኗና በከባድ በረዶዋ የታወቀች ክፍለ አገር ስትሆን፣ ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር አራት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ለምግቧ ብሎ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ወሩን ሊመርጥ ይገባል፤ ምክንያቱም የአገሬው ምርጥ ምግቦች በአጨዳው፣ በዓሣው መምጣትና በበረዶው ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

አዲስ ሩዝ የሚገባበት ኦክቶበር የኪሪታንፖ ወር ነውና ጉዞውን ከኦዳቴ ከተማ መጀመር ይበጃል። ትኩስ የበሰለ ሩዝ እህሉ በከፊል እስኪደቅ ይወቀጥና በጥድ ዘንግ ላይ ተለብጦ በእሳት ይጠበሳል፤ ከዚያም ከዘንጉ ወጥቶ ሂናይ ከተባለው የአካባቢው ዶሮ በተዘጋጀ መረቅ ውስጥ ከእንጉዳይ፣ ከሽንኩርትና ሴሪ ከሚባለው ቅጠል ጋር ይቀርባል። ድስቱን ራስዎ እንዲያበስሉ ከተሰጠዎት፣ ሩዙ እንዳይፈርስ ወደ መጨረሻው ይጨምሩት፤ ሴሪውን ግን ለማውጣት ሲቃረቡ ብቻ ያስገቡ። የሴሪውን ሥር ቆርጠው አይጣሉ፤ በእኔ እምነት የድስቱ ምርጥ መዓዛ ያለው እዚያ ነው።

ከኖቬምበር መጨረሻ እስከ ዲሴምበር፣ ባሕሩ ሲናወጥና ነጎድጓድ ሲበዛ፣ ሃታሃታ የተባለው ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ወደ ዳርቻው ይቀርባል። በዚህ ጊዜ ወደ ኦጋ ልሳነ ምድር ይሂዱና እንቁላል ያላትን ሴት ዓሣ ይጠይቁ። ዓሣው ከመመናመኑ የተነሣ የአኪታ ዓሣ አጥማጆች ከ1992 እስከ 1995 በገዛ ፈቃዳቸው ማጥመድ አቁመው ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም ምርቱ ክፉኛ ስለቀነሰ ትኩሱን ማግኘት እርግጠኛ አይደለም። ካጡት ከዚሁ ዓሣ በጨው ተብላልቶ የሚሠራውን ሾትሱሩ የተባለ ፈሳሽ ቅመም ይቅመሱ።

በደቡብ በኩል በዮኮቴ አካባቢ፣ ቀድሞ የሚመጣው በረዶ ራዲሽ የተባለውን ሥራ ሥር በፀሐይ ማድረቅ ስለሚከለክል፣ ገበሬዎች ከምድጃ በላይ ሰቅለው፣ እኛ የወተት ዕቃ በወይራ እንደምናጥን፣ በእንጨት ጭስ ያጥኑትና በሩዝ ፉርሽካና በጨው ይቀብሩታል። ኢቡሪጋኮ የሚባለው ይህ ነው። ከጁን 2024 ጀምሮ ለሽያጭ የሚያዘጋጅ ሁሉ ፈቃድና ደረጃውን የጠበቀ ክፍል እንዲኖረው ሕግ በማስገደዱ ብዙ አረጋውያን አዘጋጆች ሥራውን ትተዋል፤ ስለዚህ ከገበሬዎች መሸጫ በቀጥታ መግዛት ሙያውን በእውነት ያግዛል። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ከደረሱ፣ በዮኮቴ ልጆች ከበረዶ በተሠሩ ጎጆዎች ውስጥ አማዛኬ የተባለ ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ያቀርባሉ፤ ለእነዚህ ቀናት ማደሪያ አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

ጾመኛ ወይም አልኮል የማይቀምስ ሰው ለአሳዳሪው ቀድሞ ያሳውቅ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው መረቅ ብዙ ጊዜ የዓሣ ጭማቂና የሩዝ ወይን አለበትና።