ከበረዶ፣ ከጎርፍና ከናዳ በኋላ ወረዳና ቀበሌ የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ዝናቡ የሚበረታውና የመንግሥት ካዝና የሚቆለፈው በአንድ ሰሞን ነው። የድሮው በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል፤ አዲሱ ሐምሌ 1 ይከፈታል። ወረቀት ላይ ማለቴ ነው። የወረዳው ምክር ቤት ተሰብስቦ እስኪያጸድቅ፣ ገንዘቡ እስኪለቀቅ ድረስ ነሐሴ ከች ይላል። ጎርፉ ደግሞ ቃለ ጉባኤ አይጠብቅም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ስህተት የሚሠራው አደጋው ሳይደርስ ነው። ምክር ቤቱ በግንቦት ወይም በሰኔ ሁለት ነገር ቢወስን ብዙ ጣጣ ይቀራል። አንደኛው፣ ሸራ፣ ብርድ ልብስና ዘር በጀቱ ሳይዘጋ ተገዝቶ መጋዘን እንዲገባ ነው። ሁለተኛው፣ አደጋ ሲደርስ አስተዳዳሪው ስብሰባ ሳይጠራ ከመጠባበቂያው እስከ ስንት ብር ማውጣት እንደሚችል ነው። ይህ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የፋይናንስ ኃላፊው አይፈርምም። አይፈረድበትም፤ ኦዲተር የሚያፋጥጠው እሱን ነው።

ናዳ ላይ በጅምላ መሮጥ

ሰው ተቀበረ ሲባል አገር ምድሩ አካፋና ዶማ ይዞ ይነቀላል። ደግ ነገር ነው፤ ግን ይገድላል። በሐምሌ 2016 በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ ከ200 በላይ ሰው ሲያልቅ፣ ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የሄዱ ነበሩ። ሁለተኛው ናዳ እነሱን ደረበ። በጮቄ ተራራ ተዳፋትና በዓባይ በረሃ አፋፍ ያሉ ቀበሌዎች ይህን ሊረሱት አይገባም። ጥቂት ሰው በፈረቃ ይቆፍር፤ ሌላው ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ከላይ ዳገቱን የሚያይ አንድ ዓይነ ንቁ ሰው ይቁም። አዲስ ስንጥቅ ካየ ወይም ጥርት ብሎ ይፈስ የነበረ ምንጭ ከደፈረሰ ይጩህ፤ ሁሉም ይውጣ። ከናዳው ግርጌና ጎን ያሉ ቤተሰቦችም በዚያው ሰዓት ይነሡ እንጂ ለነገ አይባልም።

ተጎጂውን በመሬት ደብተር ብቻ መመዝገብ

በረዶ ማሳ ሲመታ ኮሚቴ ይወጣል። ስም የሚጻፈው በደብተሩ ባለቤት ነው። እስቲ አንድ ማሳ እንይ። መሬቱ የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ነው፤ የሚያርሰው ግን ምርቱን ሊካፈል በእኩል የያዘ ወጣት ነው። በሬው የእሱ፣ ዘሩ የእሱ፣ ማዳበሪያውንም ተበድሮ የገዛው እሱ። በረዶው ስንዴውን ሲያነጥፈው መዝገብ ላይ የሚሰፍረው የእሷ ስም ብቻ ይሆናል። ምትክ ዘር ሲመጣ ለማረስ አቅም ለሌላት ይሰጣል፤ እሱ ዕዳውን ታቅፎ ይቀራል። ቅጹ ላይ ከባለይዞታው ጎን አራሹም ይጻፍ። አንድ ዓምድ መጨመር ነው፤ ሌላ ነገር አይጠይቅም። ዝርዝሩ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በገበያ ቀንም አደባባይ ላይ ይነበብ። «እገሊት የታለች?» የሚል አይጠፋም። ከአጣሪ ቡድን በላይ ያጣራል።

ዘሩን በኅዳር ማምጣት

እኔን ከሁሉ የሚያበግነኝ ይህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ ጤፉ የተመታበት ገበሬ ዓመቱ ገና አላለቀበትም። በእነማይ፣ በሸበል በረንታ፣ በደጀን ዋልካ (ውኃ የሚይዝ ጥቁር) መሬት ላይ የቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ያደርሳል። ግን መሬቱ ደርቆ ሳይሰነጠቅ መዘራት አለበት። እኛ ጋ ምን ይሆናል? ቀበሌው ለወረዳ ይጽፋል፤ ወረዳው ለዞን፤ ዞኑ ለክልል። ከዚያ «አጣርታችሁ ላኩ» ተብሎ ወረቀቱ ወደ ታች ይመለሳል። ዘሩ ሲደርስ መሬቱ አፉን ከፍቷል። የመጣው ሽምብራ ቆሎ ይሆናል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን «ዘር ተሰራጭቷል» ይባላል። ወረዳው ከአካባቢው ገበያ ወይም ከኅብረት ሥራ ማኅበር ወዲያው የሚገዛበትን ፈቃድ በሰኔ መያዝ አለበት ያልኩት ለዚህ ነው።

ጓያን ካነሣን አይቀር፦ ሌላው እህል ጠፍቶ እሱ ብቻ ሲተርፍ ሰው ለወራት ጓያ ብቻ ይበላል፤ ጓያውም እግሩን ይሰብረዋል፤ ሽባ ያደርገዋል ማለት ነው። የተሰበረ ደግሞ አይድንም። ጎጃም ይህን በደንብ ያውቃል። ስለዚህ እርዳታ ሲታደል የሚቀላቀል ሌላ እህል ይኑርበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ጓያው እንዲዘፈዘፍና ውኃው እንዲደፋ ቤት ለቤት ይንገሩ።

እድሩን መዝለል

ድንኳኑ፣ ድስቱ፣ የአባላት መዝገቡ እድር ቤት አለ። ማን አልጋ ላይ እንደዋለ፣ ማን አራስ እንደሆነች የሚያውቀው እድሩ ነው። አስተዳደሩ ግን አዲስ ኮሚቴ ያቋቁማል። ለምን እንደሆነ እንጃ።

መልሶ ሲገነቡ ውኃውን መውጫ መንሣት

ጎርፍ ማሳ ከጠረገ በኋላ በጥር ሕዝቡ ለእርከን ሥራ ይወጣል። መሠራቱ ጥሩ። ችግሩ በደረቅ አገር ውኃ ለማስቀረት የሚሠራውን እርከን እንዳለ ማምጣት ነው። ጎጃም ደጋው ዝናብ ይበዛበታል። በደምበጫ አካባቢ ባለው በአንጀኒ ተፋሰስ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ጥናት ተካሂዷል፤ እዚያ የተሠራው እርከን መጠነኛ ዘንበል ያለው፣ ትርፉን ውኃ ወደ ማፋሰሻ የሚያወጣ ነው። ማፋሰሻ የሌለው እርከን ውኃ ይቋጥራል፣ አንድ ሌሊት ይደረመሳል፣ ከታች ያለውን ገበሬ ቦረቦር ያወርሰዋል።

ማፋሰሻው በማን ማሳ በኩል ይውረድ የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ጠብ ያመጣል። ማንም ከመሬቱ ክንድ መስጠት አይፈልግም። በዘመቻው ዕለት፣ ሰው ዶማ ይዞ ቆሞ የሚፈታ ነገር አይደለም። ሰብሉ እንደተሰበሰበ የላይኛውና የታችኛው ገበሬ በሽማግሌ ፊት ይነጋገሩ፤ ቀበሌው ስምምነቱን በጽሑፍ ይያዝ፤ መሬቱ ለሚቆረጥበትም ምን እንደሚካስ አብሮ ይወሰን።