መኪና አገር ቤት አቁማችሁ ለወጣችሁ፦ ቻርጀሩን የያዘ ሰው ቁልፉን አይያዝ

ለእረፍት አገር ቤት ገብተው የተመለሱ ወዳጆቼ በየዓመቱ ይደውሉልኛል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «መኪናዬን ግቢ ውስጥ አቁሜ መጣሁ፤ የትኛውን የባትሪ ቻርጀር ልግዛ?» እኔም በጥያቄ እመልሳለሁ፦ «ቻርጀሩን የሚሰካው ማን ነው? ቁልፉስ ማን ዘንድ ነው?» አንዳንዶቹ ይከፋሉ። ስለ ዕቃ ጠይቀው ስለ ዘመድ ስለምመልስላቸው። እኔ ግን በዕቃው የደረሰብኝን ጉዳት በአንድ ቀን ረሳሁት፤ በሰው በኩል የደረሰብኝ እስከ ዛሬ ያመኛል።

መኪናዋ እ.ኤ.አ. የ2006 ሥሪት ፖርሽ ቦክስተር የምትባል የስፖርት መኪና ናት። አዲስ አበባ በቆየሁባቸው ዓመታት ገዛኋት፤ ወደ ሜሪላንድ ስመለስ ልሸጣት አንጀቴ አልቻለም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህማ ብትሄድ ምትክ የላትም።

እንዲህ ያለች መኪና ቆማም ኤሌክትሪክ ትበላለች። የስርቆት መከላከያው፣ የበሩ መቆለፊያና ኮምፒውተሯ ቀንና ሌሊት ነቅተው ይጠብቃሉ። የሚወስዱት 50 ሚሊአምፔር ቢሆን በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት፣ በወር 36 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ በአንድ ወር ግማሹ አለቀ ማለት ነው። ባዶውን የቆየ ባትሪ ደግሞ በውስጡ ያለው እርሳስ በሰልፌት ጠጥሮ በኋላ ቻርጅ ቢደረግም አይመለስም። በቦክስተር ላይ ሌላም መዘዝ አለ፦ ባትሪው ያለው በፊት ኮፈን ሥር ነው፤ ኮፈኑ የሚከፈተው በኤሌክትሪክ ነው፤ ስለዚህ ባትሪው ሲሞት ወደ ባትሪው መድረስ አይቻልም። መፍትሔው በሾፌሩ እግር አጠገብ ባለው የፊውዝ ሳጥን ውስጥ ነው። እዚያ ተስቦ በሚወጣው ጫፍ ላይ ከሌላ ባትሪ ፖዘቲቭ፣ በበሩ ማጠፊያ ብረት ላይ ደግሞ ኔጌቲቭ ሰጥቶ ኮፈኑን በቁልፉ ማስከፈት ነው። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ኮፈኑን በብረት ይፈነቅለዋል። ወረቀት ላይ ጻፉና ግቢው ውስጥ ተዉት።

ስለ ቻርጀሩ ምርጫ ባጭሩ ልናገር። የመጀመሪያውን ከአሜሪካ በመንገደኛ ላክሁ፤ በተሰካበት ቅጽበት ጨሰ። የተሠራው ለ120 ቮልት ብቻ ነበር፤ የእኛ አገር መብራት 220 ነው። አንድ ፋብሪካ ራሱ ለአሜሪካና ለአውሮፓ ገበያ የተለያየ ሥሪት ስለሚያወጣ ስሙን አትመኑ፤ ጀርባውን ገልብጣችሁ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ ወይም ከ220 እስከ 240 የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ጉልበቱ 4 ወይም 5 አምፔር ይበቃል። ባትሪው ሲሞላ ራሱ ወደ 13.5 ቮልት አካባቢ ዝቅ ብሎ የሚጠብቅ ይሁን፤ ጋራዥ ውስጥ የምታዩት ትልቁ የብረት ሳጥን ለአንድ ሌሊት እንጂ ለስድስት ወር አይሆንም። የባትሪያችሁን ዓይነት እወቁ፦ ውሃ የሚጨመርበት ነው፣ የታሸገ ኤ.ጂ.ኤም. (አሲዱ በመስታወት ክር ንጣፍ ውስጥ የተመጠጠ) ነው ወይስ ሊቲየም? ለሊቲየም የሊቲየም ምርጫ ያለው ቻርጀር ብቻ። «ማደሻ» የሚባለው ከ15 ቮልት በላይ የሚሰጥ ምርጫ ሊቲየምን ይገድለዋል። ደግሞም መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ሥራውን የሚቀጥል መሆኑን እዚያው እጃችሁ ላይ እያለ ነቅላችሁ ሰክታችሁ ፈትኑ። አዝራር ካልተጫኑት የማይነሳ ቻርጀር አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሳምንት አያገለግልም። ከፊቱ የኃይል መዋዠቅ የሚከላከል ስታቢላይዘር አድርጉለት።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልመለስ።

መኪናዋን አደራ ያልኩት የአክስቴን ልጅ ነበር። በአንድ መሶብ በልተን፣ በአንድ አልጋ ተኝተን ያደግን ነን። ሁለተኛውንና ትክክለኛውን ቻርጀር ራሴ ወስጄ አሳየሁት፤ በየእሑዱ የአረንጓዴውን መብራት ፎቶ እንዲልክልኝ ተስማማን። ሰባት ወር ሙሉ አንድ እሑድ ሳያጓድል ላከ። እኔም ለቦሎ፣ ለሦስተኛ ወገን መድን፣ ለእጥበት የጠየቀኝን ሁሉ ላክሁ። አንድ ጊዜ «ለባትሪ ውሃ» ብሎ ጠየቀኝ። ባትሪዬ የታሸገ ነው፤ ውሃ የሚጨመርበት ቀዳዳ የለውም። ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። በጥቂት ብር ከወንድሜ ጋር አልነታረክም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ደግሞ ከመልካምነት አይመስለኝም፤ መልሱን ስለፈራሁ ነው።

ለገና ስገባ ቻርጀሩ የለም። ለአንድ ጋራዥ ካዋሰው ወራት አልፈዋል። ፎቶዎቹ ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት በአንድ ቀን የተነሱ ናቸው፤ በኋላ አጠገብ ላጠገብ አድርጌ ስመለከታቸው ግድግዳው ላይ ያረፈችው የፀሐይ ጥላ እንኳ አንድ ቦታ ላይ ነች። ባትሪዬ ወጥቶ በቦታው ትንሽ ርካሽ ባትሪ ገብቷል። ኪሎ ሜትሩ 6,300 ጨምሯል። ፍሪሲዮኑ ይሸታል።

ስጠይቀው «መኪና ሲቆም ይበላሻል ብዬ ነው የማንቀሳቅሳት» አለ። ይህን ቃል ልብ በሉት፤ ከእጃችሁ ቁልፍ የሚያስወጣው ይህ ነው። ሁሉም ሰው «አልፎ አልፎ ትነሳ» ይላችኋል። ለአሥር ደቂቃ ቆሞ የሚጮህ ሞተር ለመነሳት ያወጣውን ኃይል እንኳ ለባትሪው በቅጡ አይመልስም፤ ሙቀቱም ስለማይደርስ በዘይቱና በጭስ ማውጫው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል። በደንብ የተሰካ ቻርጀር ካለ ለባትሪው ሲባል መኪናዋን ማስነሳት አያስፈልግም። ስለዚህ ባትሪውን ለመጠበቅ ማንም ቁልፍ አያስፈልገውም።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አክስቴ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «ለብረት ብለህ ከደምህ ጋር ትጣላለህ?» አለችኝ። እኔ ገንዘብ አልጠየቅሁም፤ «ነድቻታለሁ፤ ፎቶውም ውሸት ነበር» እንዲለኝ ብቻ ነበር የፈለግሁት። አላለም። ይቅር ተባብለን ተሳሳምን፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሲደውልልኝ ድምፁን ሰምቼ ደስ የሚለኝ ነገር ጠፋ። ባትሪው በብር ተተካ። ይህኛው አልተተካም።

በእርግጥ የእኔም ጥፋት አለበት። ወጣት ሰው ላይ ባለሁለት በር መኪና፣ ቁልፏንና ሰባት ወር ጥዬበት ሄድኩ። ምንም አልከፈልኩትም፤ ምክንያቱም ዘመድ ነው። ያልተከፈለውን ሰው አጥብቆ መጠየቅ ነውር ይሆናል፤ እሱም ውለታውን በመኪናዋ ራሱ ይከፍላል።

አሁን የማደርገው ይህ ነው። ፊውዝ ያለውና ከባትሪው ጫፎች ጋር በብሎን የሚታሰር አጭር ገመድ ከቻርጀሩ ጋር አብሮ ይሸጣል። እሱን አሳስሬ መሰኪያውን በኮፈኑ ጠርዝ በኩል ወደ ውጭ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ቻርጀሩን ለመሰካት ኮፈን መክፈት፣ ቁልፍ መያዝ የለም። አንዱ ቁልፍ ሜሪላንድ ነው፤ ሌላው በፖስታ ታሽጎ፣ በመዝጊያው ላይ ፈርሜበት እኅቴ ዘንድ ነው፤ እሳት ቢነሳ ወይም መኪናዋን ማንሳት ግድ ቢሆን ብቻ የሚቀደድ።

ቻርጀሩን የሚጠብቁት ጎረቤታችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ ጋሼ የምላቸው። መንጃ ፈቃድ የላቸውም። በየወሩ እከፍላቸዋለሁ፤ መጀመሪያ «ከአንተ አባት ልጅ ገንዘብ አልቀበልም» ብለው ነበር፤ ካልተቀበሉ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ስላቸው ተቀበሉ። ፎቶ አልጠይቃቸውም። ባላሰቡት ቀን በቪዲዮ እደውልና በቴስተሩ ቮልቱን እየለኩ ቁጥሩን ያነቡልኛል። ተሰክቶ ሲለካ ከ13.2 እስከ 13.7 ይሆናል። በወር አንድ ጊዜ ነቅለው አሳድረው ሲለኩት ከ12.6 በታች ከወረደ ባትሪው እያረጀ ነው።

ለማንም ብትሰጡት ጥንቃቄውን አስተምሩት። ቻርጀሩ በመቆንጠጫ የሚያዝ ከሆነ መጀመሪያ ቀዩ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ጥቁሩ ከባትሪው ራቅ ባለ የመኪናው ብረት ላይ፣ መጨረሻ ላይ ግድግዳው ሶኬት ይሰካል። ሲነቀል ከግድግዳው ይጀመራል። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ይወጣዋል፤ በአየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በፍንጣሪ ይፈነዳል። ስለዚህ በዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሆንም፤ አጠገቡ ከሰል ማቀጣጠል፣ ቡና ማፍላት ክልክል ነው ብላችሁ በግልጽ ተናገሩ። እኔ ግቢ ሠራተኛዋ ምድጃዋን እዚያው ታስቀምጥ ነበር፤ ማንም አልነገራትም።

ውክልና ለቦሎና ለመድን ያስፈልጋል። ኤምባሲ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ሰነዶች ማረጋገጫ፤ መንገዱን ታውቁታላችሁ። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለው በተለመደው ጽሑፍ ውስጥ ካለ አስወጡት፤ ለቦሎ ማንም ሰው መኪና መሸጥ አይጠበቅበትም።

ስትመለሱ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀሉ፤ ከዚያ የመኪናዋን መሰኪያ አላቅቁና ክዳኑን ግጠሙበት። ጎማውን አስነፉ። የታሸገውን ፖስታ ራሳችሁ ቅደዱ።