ናፍጣ የፈሰሰበት አፈር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ጎጃም ውስጥ የነዳጅ ማስተላለፊያ ቧንቧ አልተዘረጋም፤ ነዳጁ የሚመጣው በቦቴ ነው። አፈር የሚበከለው ግን ቦቴ ሲገለበጥ ብቻ አይደለም። ማደያ ውስጥ ከጋን ወደ መቅጃው የሚሄደው የተቀበረ ቧንቧ ሲዝግ፣ የወፍጮ ቤት በርሜል ሲያፈስ፣ የመስኖ ሞተር አጠገብ ጀሪካን ሲደፋም ነው። ከዚህ በታች ያለው ስለ ናፍጣ ነው። የፈሰሰው ቤንዚን ከሆነ ተኑ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ሰውና ሞተር አርቁ፤ የእሳት አደጋ ባለሙያ ሳያየው አትቆፍሩ።

ከሁሉ በፊት ፍሳሹን አስቁሙ፤ ወደ ቦይና ወንዝ የሚወስደውን መንገድ በአፈር ዝጉ። አፈሩን በኦሞ ማጠብ ናፍጣውን ወደ ታች ያሰርገዋል። ማቃጠል የላዩን ብቻ ይበላል። ንጹህ አፈር መደልደል ደግሞ አየር ነፍጎ ለዓመታት ያቆየዋል።

የላዩ አፈር ተነስቶ፣ ክረምት ሲገባ ሽታው ተመለሰ

ቦታው ዋልካ ከሆነ መንስኤው ስንጥቁ ነው። ዋልካ በበጋ ሲደርቅ ስንጥቁ ከ1 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል፤ ናፍጣውም በዚያው ቀጥ ብሎ ይገባል። ዝናብ ሲሞላው ናፍጣ ከውኃ ስለሚቀል ወደ ላይ ይንሳፈፋል። 20 ሳንቲ ሜትር ልጦ መውሰድ እዚህ ከንቱ ድካም ነው።

ከፈሰሰበት መሀል ወደ ዳር በየ2 ሜትሩ ሰርስሩ፤ በየ30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ አፈር አውጡ። አፍንጫችሁን አታስጠጉ። አፈሩን በባዶ ሃይላንድ ከንጹህ ውኃ ጋር ግማሽ ደቂቃ በጥብጡና አስቀምጡት፤ ላዩ ላይ ቀለማም ስስ ልባስ ከታየ ናፍጣው እዚያ ጥልቀት ደርሷል። ልባስ እስከማይታይበት ድረስ ቆፍራችሁ አውጡ። ጉድጓዱ ከ1.2 ሜትር ካለፈ ሰው አይግባበት፤ ዋልካ ይናዳል፣ ተኑም ታች ይጠራቀማል።

ምንጭ ወይም ጉድጓድ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ልባስ ታየ

ሁሉም ናፍጣ አይደለም። ረግረግና ቀይ አፈር ባለበት ብረት የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች ተመሳሳይ ልባስ ይሠራሉ። በእንጨት ንኩት፦ እንደ ተሰበረ መስታወት ተቆራርጦ ከቀረ የብረት ነው፤ ተለያይቶ መልሶ ከተገናኘ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ ውኃው ለሰውም ለከብትም አይሰጥ፤ ማፍላት አያጠራውም።

የተቆፈረው አፈር ተከምሮ 2 ወር ቢሞላውም ለውጥ የለም

ናፍጣውን የሚበሉት አፈር ውስጥ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ሥራ ከፈቱ የጎደላቸው ነገር አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም አየር ነው። ሰው ማዳበሪያ ለመጨመር ሲቸኩል መገልበጡን ይረሳል። በዚህ ቅደም ተከተል መርምሩ።

አየር፦ የክምሩ ቁመት ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ለ4 አካፋ አፈር 1 አካፋ የተከታተፈ የበቆሎ አገዳ ቀላቅሉ፤ የጤፍ ጭድም ይሆናል፣ ግን ለከብት ቢተርፍ ይሻላል። በየሳምንቱ ገልብጡ።

እርጥበት፦ በእጅ ሲጨመቅ ድቡልቡል ይሁን፣ ውኃ ግን አይንጠብ።

ምግብ፦ 1 ሜትር ኩብ አፈር ውስጥ 8 ሊትር ገደማ ናፍጣ ካለ፣ 1.2 ኪሎ ዩሪያና 350 ግራም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ሦስት ቦታ ከፍላችሁ በየ3 ሳምንቱ ስጡ፤ ባንዴ ከፈሰሰ ጨውነቱ ተሕዋስያኑን ይጎዳል። አገዳና ጭድ ራሳቸው ናይትሮጅን ስለሚሻሙ የበሰለ ፍግ መጨመር ይረዳል።

አሲድነት፦ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ6 በታች ከሆነ ለሜትር ኩብ ከ1 እስከ 2 ኪሎ የእርሻ ኖራ ቀላቅሉ፤ ከ2 ሳምንት በኋላ እንደገና ለኩ። ኖራና ዩሪያ በአንድ ቀን አይግቡ፤ ናይትሮጅኑ ተኖ ይጠፋል።

ብርድ፦ እንደ ደብረ ማርቆስ ባለ ደጋ ሥራው ከቆላው ይዘገያል። ሌሊት በጥቁር ላስቲክ ሸፍኑ፣ ቀን ግለጡ።

ክምሩ የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል

ውኃ በዝቶበት አየር አጥቷል። በዚያው ቀን ገልብጡት፣ ደረቅ አገዳ ጨምሩ። ክምሩ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ከሥሩ ጂኦሜምብሬን (ውኃ የማያሳልፍ ወፍራም ላስቲክ) ተነጥፎለት፣ ዙሪያው በአፈር ተከቦ መቀመጥ አለበት። ከሰኔ እስከ መስከረም በሸራ ይጠለል፤ ያለዚያ የክረምቱ ጎርፍ ብክለቱን ወደ ጎረቤት ማሳ ይዞ ይሄዳል።

ሽታው ጠፍቷል፣ ሰብል ግን ይቀጭጫል

ከናፍጣው በቀላሉ የሚተነው ክፍል ተንኗል፣ ከባዱ ቀርቷል። የሽታ መጥፋት የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። ፌጦ በሌላው ዓለምም የአፈር መርዛማነት መፈተኛ ዘር ነው፤ 50 ፍሬ በታከመው አፈር፣ 50 ፍሬ ከዚያው አካባቢ በተወሰደ ንጹህ አፈር ዝሩና በ5ኛው ቀን ቁጠሩ። በንጹሁ 40 በቅሎ በታከመው ከ32 ካነሰ መገልበጡ ይቀጥል። የምግብ ሰብል ከመዘራቱ በፊት ግን የጠቅላላ ሃይድሮካርቦን (አፈሩ ውስጥ የቀረው የነዳጅ ቅሪት) መጠን በላቦራቶሪ መለካት አለበት።

የፈሰሰው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ከሆነ ይህ ሁሉ አይበቃም። ውስጡ ያሉትን እንደ እርሳስና ዚንክ ያሉ ብረቶች ተሕዋስያን አይበሏቸውምና ላቦራቶሪው እነሱንም ይለካ፤ ውጤቱ እስኪመጣ አፈሩ ወደ ማሳ አይመለስ።