ሁለተኛ ሽጉጥ እንዴት ይመረጣል? አሜሪካ ውስጥ በፈቃድ ለሚይዙ

ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት ሁለተኛ ሽጉጥ፣ ማለትም ከዋናው ሌላ በተጠባባቂነት የሚያዘው፣ በጣም ትንሽ ነበር። የገዛሁትም ለትንሽነቱ ነው። ባለ .380 ጥይት (የጥይቱ መጠን ስም ነው) ሲሆን ባዶውን 270 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሻጩ «ኪስህ ውስጥ መኖሩንም ትረሳዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ረሳሁት። ቅዳሜ ተኩስ መለማመጃ ይዤው ስሄድ ግን 50 ጥይት ሳልጨርስ አውራ ጣቴ ሥር አመመኝ። በ7 ሜትር ርቀት የተኮስኳቸው ጥይቶች ወረቀቱ ላይ እዚህም እዚያም ተበታትነዋል። በዚያው ርቀት በዋናው ሽጉጤ ስተኩስ ቀዳዳዎቹን በመዳፌ መሸፈን እችላለሁ። የሳተ ጥይት ደግሞ የሆነ ቦታ ማረፉ አይቀርም። ከኋላ ሰው አለ፣ ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው ማዶ ልጅ የተኛበት ክፍል አለ። ሽጉጡን ለነጋዴ መልሼ ሸጥኩትና ነገሩን ከሀ ጀምሬ ተማርኩ።

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ለምንኖርና በሕግ ሽጉጥ ለምንይዝ ሰዎች ነው። የምኖረው ቨርጂኒያ ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ።

ደረጃ 1፦ ለምን እንደፈለጋችሁት ለራሳችሁ ተናገሩ

ሁለተኛ ሽጉጥ የመያዝ ልማድ በብዛት የፖሊሶች ነው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1950 «ቺፍስ ስፔሻል» የተባለችውን አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚሽከረከር ከበሮ ውስጥ የሚገባ ሽጉጥ) አወጣ። እሷና ዘመዶቿ በፖሊሶች ቁርጭምጭሚትና በካፖርት ኪስ ብዙ ዘመን ኖረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዋናው ሽጉጥ ሊነክስ፣ ማለትም ተቀርቅሮ አልተኩስ ሊል ይችላል። ቀኝ እጅ ሊጎዳ ይችላል። ሰው ከላያችሁ ወድቆ ወገባችሁ ላይ ያለውን ማውጣት ሊያቅታችሁ ይችላል።

ለእኛ ለተራ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ሐምሌ ላይ በቲሸርት ትልቁ ሽጉጥ አይደበቅም። ስለዚህ አብዛኞቻችን ሁለቱን አንድ ላይ አንይዝም፣ አንዱን በአንዱ እንቀይራለን። ይህ ልዩነት ምርጫውን ስለሚለውጠው ቀድማችሁ እወቁት። «ዋናው ቢነክስብኝስ?» የሚለው ብቻ ከሆነ የሚያሳስባችሁ፣ መጀመሪያ ሁለተኛ ካርታ (እጀታው ውስጥ የሚገባው የጥይት መያዣ) ግዙ። ሽጉጥ ብዙ ጊዜ የሚነክሰው በካርታው ችግር ነው። የተረፈውን ገንዘብ ለስልጠና አውሉት።

ደረጃ 2፦ ሕጉን ከሽጉጡ በፊት ግዙ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ሰው ግን፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር፣ አይችልም። ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት ዕድሜ 21 መሙላት አለበት። እዚያ የምትሞሉት ቅጽ 4473 ይባላል። ስለ አደንዛዥ ዕፅ ይጠይቃል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ደረጃ ከተከለከሉት ዕፆች መካከል መሆኑን ብዙ ወገኖቻችን አያውቁም። ቅጹ ላይ መዋሸት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም ጥፋቱ ቀላል ተብሎ ቢመዘገብ እንኳ መሣሪያ እንዳይዝ ከ1996 ጀምሮ ተከልክሏል።

ሌላው የሚያስፈራኝ ነገር ይሉኝታችን ነው። «አንተ ወረቀት አለህ፣ ለእኔ ግዛልኝ» የሚል ጓደኛ ይመጣል። እንዳታደርጉት። ለሌላ ሰው በራስ ስም መግዛት ከ2022ቱ ሕግ ወዲህ እስከ 15 ዓመት ሊያሳስር ይችላል።

በድብቅ ለመያዝ ደግሞ እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ደንብ አለው። ቴክሳስ ከ2021፣ ጆርጂያ ከ2022 ጀምሮ ያለ ፈቃድ መያዝን ፈቅደዋል። ቨርጂኒያ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ የሚሰጠው በምትኖሩበት አካባቢ ያለው ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ሲሆን ለ5 ዓመት ያገለግላል። የቨርጂኒያ ፈቃድ ሽጉጡን በቁጥሩ አይለይም፣ ስለዚህ ትንሹን በትልቁ መቀየር ትችላላችሁ። ኒውዮርክ ግን የያዛችሁት ሽጉጥ ፈቃዱ ላይ መመዝገብ አለበት። ኒው ሜክሲኮ ደግሞ ባለፈቃዱ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ በድብቅ እንዳይዝ ይከለክላል። ሁለት ለመያዝ የሚያስብ ሰው ይህን ሳያጣራ ከቤት መውጣት የለበትም።

የእኛ ሰፈር ችግር ድልድዩ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ካለችው ከአሌክሳንድሪያ ተነስቶ የዉድሮው ዊልሰንን ድልድይ የተሻገረ ሰው ሜሪላንድ ገባ። ሜሪላንድም ዲሲም የቨርጂኒያን ፈቃድ አይቀበሉም። አምስት ደቂቃ መንዳት ሕጋዊውን ሰው ተከሳሽ ያደርገዋል። ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ጣጣው ከቅጣት ያልፋል፤ በጦር መሣሪያ ወንጀል መፈረድ ከአገር ለመባረር ምክንያት ነው። ስለዚህ ትንሹ ሽጉጥ «መኖሩን የምትረሱት» ዓይነት እንዲሆን አልመክርም። ቁርጭምጭሚት ላይ ተረስቶ ድልድይ የሚሻገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ውስጥ ሽጉጥ በድብቅ ይዞ ሬስቶራንት የገባ ባለፈቃድ አልኮል መጠጣት አይችልም። ሠርግም ይሁን ተስካር፣ ከጠጣችሁ ሽጉጡ ቤት ይቅር።

ደረጃ 3፦ የዋናው ታናሽ ወንድም ይሁን

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኼ ነው። ሰው ሲደነግጥ የሚሠራው የለመደውን ነው። ዋናው ሽጉጣችሁ መጠበቂያ (ሽጉጡ እንዳይተኩስ በጣት የሚቆለፍና የሚከፈት) ከሌለው፣ ሁለተኛው መጠበቂያ ያለው አይሁን። ቃታ ትስባላችሁ፣ አይተኩስም፣ ለምን እንደሆነ ለማሰብም ጊዜ የለም።

ዋናው ግሎክ 19 ከሆነ ግሎክ 26 የእሱ ታናሽ ነው። በ1995 የወጣ፣ አስር ጎራሽ፣ ባዶውን 600 ግራም የማይሞላ ነው። ቃታውም ማነጣጠሪያውም አንድ ዓይነት ነው። የ19ኙ አስራ አምስት ጎራሽ ካርታ 26ቱ ውስጥ ይገባል፣ ከእጀታው በታች ትንሽ ይወጣል እንጂ ይሠራል። ከ2018 ጀምሮ የተስፋፋው ሲግ ፒ365ም ትልቁና ትንሹ ካርታ የሚዋዋሱበት ቤተሰብ አለው። ግሎክ 43 ቀጭን ስለሆነ ለቲሸርት ይመቻል፤ ግን ስድስት ጎራሽ ነው፣ የ19ኙን ካርታም አይቀበልም።

ጥይቱም አንድ ይሁን። ከአገር ቤት ማካሮቭ የምታውቁ ሰዎች ተጠንቀቁ። የማካሮቭ ጥይት 9×18 ነው፣ እዚህ ናይን ሚሊሜትር ሲባል 9×19 ነው፣ .380 ደግሞ 9×17። ሦስቱም «ዘጠኝ» ይባላሉ፣ አይቀያየሩም።

ሪቮልቨርስ? ጥሩነቱ ካፖርት ኪስ ውስጥ ሆኖም መተኮሱ ነው። ከሰው አካል ጋር ተጠግቶም አይነክስም። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን 642 መዶሻው (ከኋላ በኩል መትቶ የሚያስተኩሰው ክፍል) የተሸፈነ ስለሆነ ልብስ አይዝበትም፣ ክብደቱም 410 ግራም አካባቢ ነው። ነገር ግን ቃታው ከባድ ነው። ለመሳብ ወደ 5 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ይፈልጋል። ቀላል ስለሆነም እጅ ላይ ክፉኛ ይራገጣል። «ለሴት ሪቮልቨር ይሻላል» የሚሉ ሻጮች አሉ። እኔ አልስማማም። ለጀማሪ፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ትንሽ ሪቮልቨር ከሁሉም አስቸጋሪው ነው።

ደረጃ 4፦ ተከራይታችሁ ተኩሱ

ብዙ ተኩስ መለማመጃ ቦታዎች ሽጉጥ ያከራያሉ። ሱቅ ውስጥ በእጅ ይዞ «ይመቸኛል» ማለት ምንም አይነግርም። ቢያንስ 50 ጥይት ተኩሱበት። ትንሿ ጣት እጀታው ላይ ታርፋለች ወይስ አየር ላይ ትቀራለች? ወደኋላ ስቦ ማቀባበል አይከብድም? ትንንሾቹ ሽጉጦች ብዙ ጊዜ ሞላቸው ጠንካራ ነው። ከዚያ በግራ እጅ ብቻ ሞክሩ። ሁለተኛ ሽጉጥ የሚያስፈልገው ቀኝ እጅ ሲጎዳ ሊሆን ይችላልና ይህን አትዝለሉት። መጠኑ አንድ ደረጃ ከፍ ሲል ውጤታችሁ ብዙ ከተሻለ፣ ከፍ ያለውን ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ የት እንደሚያርፍ ወስኑ

ኪስ ውስጥ ከሆነ፣ ቃታውን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የኪስ አፎት ግድ ነው። ኪሱም የእሱ ብቻ ይሁን። ቁልፍ ወይም እስክሪቢቶ ቃታው ውስጥ ገብቶ ሽጉጥ ሊያስተኩስ ይችላል። ቀኑን ሙሉ መኪና ለሚነዳ ሰው ቁርጭምጭሚት ይመቻል፤ ቀበቶ ታስሮ ከተቀመጡበት ወገብ ላይ ያለውን ማውጣት ከባድ ነውና። ቆሞ ለሚውል ግን ይከብዳል፣ አቧራም ይጠጣል። ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ። ቦርሳ ይቀመጣል፣ ይረሳል፣ ይሰረቃል፣ ልጅም ይከፍተዋል።

ደረጃ 6፦ ሳታምኑት አትያዙት

አዲስ ስለሆነ ይሠራል ማለት አይደለም። የእኔ መለኪያ 200 የመለማመጃ ጥይት፣ ከዚያ ለዕለት የምይዘው ዓይነት 50 ጥይት ሳይነክስ መተኮሱ ነው። በመሃል ከነከሰ ካርታ ቀይሬ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ኪስ ውስጥ የሚውል ሽጉጥ የጨርቅ ብናኝ ስለሚሰበስብ በየሁለት ሳምንቱ ፈትሼ አጸዳዋለሁ።

ደረጃ 7፦ ማታ የት ያድራል?

ዋናውን ካዝና ውስጥ ማስገባት ሁላችንም እንለምደዋለን። የሚረሳው ትንሹ ነው። በር ላይ በተሰቀለ ጃኬት ኪስ፣ አልጋ ሥር በወደቀ ሱሪ ውስጥ ያድራል። የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ የአባቱን ኪስ ለከረሜላ ይፈትሻል። እኔ ቤት ሁለቱም አንድ ካዝና ውስጥ ነው የሚያድሩት፣ ሁለት ቦታ አበጅቼላቸዋለሁ። ጫማዬን ከማውለቄ በፊት ሁለቱም ቦታ መሙላቱን አያለሁ። አንዱ ባዶ ከሆነ ራት አይቀርብም፣ መጀመሪያ እሱ ይፈለጋል።