ገንዘብ ሳይኖርህ አክሽን ፊልም መስራት ከፈለግክ ከአንዲት ቡጢ ጀምር

አብዛኛው ጀማሪ የሚያልመው የመኪና ግጭትና ፍንዳታ ነው። ተወው፣ ይደረስበታል። መጀመሪያ ተመልካች የሚያምናት አንዲት ቡጢ መቅረጽ ተለማመድ።

ካሜራህን ከተመቺው ትከሻ ኋላ አድርግ። ቡጢው ፊቱን ሳይነካ፣ ክንድ ያህል ርቆ ከጎን ወደ ጎን ይለፍ። ከኋላ ሲታይ ክፍተቱ አይታወቅም። ከጎን ከቀረጽከው ግን ሁሉም ነገር ይጋለጣል፤ እኔ የመጀመሪያ ድብድቤን ከጎን ቀርጬ የአንድ ሙሉ ቀን ልፋት ገደል ገብቶብኛል። ደግሞ ቡጢውን እውነት የሚያስመስለው መቺው ሳይሆን ተመቺው ነው። አንገቱ ቀድሞ ከዞረ ወይም ከዘገየ አለቀ። ስለዚህ ሁለቱን በቀስታ፣ እየቆጠሩ፣ እስኪሰለቻቸው ድረስ አለማምዳቸው፤ ፍጥነቱ በኋላ ራሱ ይመጣል። ድምፁን ለብቻ ቅዳው። እርጥብ ፎጣ ወለል ላይ ስታጮህና ወፍራም የቆዳ ጃኬት በዱላ ስትመታ የሚወጡትን ድምፆች ደርባቸው፣ ከዚያ ኤዲት ስታደርግ ቡጢው ፊት ጋ ሊደርስ ሲል 2 ወይም 3 ፍሬም (ቪዲዮው የተሠራባቸው ነጠላ ምስሎች) ቆርጠህ አውጣ። ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ።

ታሪኩን እጅህ ላይ ባለው ነገር ልክ ስፋው። የፊልም ዳይሬክተሩ ሮበርት ሮድሪጌዝ እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣውን «ኤል ማሪያቺ» የተባለ አክሽን ፊልም የቀረጸው በ7,000 ዶላር ገደማ ነው። መጀመሪያ ምን ማግኘት እንደሚችል አሰበ፣ ታሪኩን ከዚያ ተነስቶ ጻፈ። ካሜራውን ለማንቀሳቀስ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይቀመጥ ነበር። ጥሬ ፊልም እንዳያባክን ብዙውን ሾት (ካሜራው ሳይቋረጥ የሚቀርጸውን ቁራጭ) አንዴ ብቻ ነው የቀረጸው። በኋላ ትልቁ የሆሊውድ ስቱዲዮ ኮሎምቢያ ፒክቸርስ ፊልሙን ገዛው። አንተም ጓደኛህ ጋራዥ ካለው ድብድቡ ጋራዥ ውስጥ ይሁን፣ አለቀ።

የማትቆጥብበት አንድ ነገር አለ፤ የሰው ሕይወት። እውነተኛ ሽጉጥ ቀረጻ ቦታ ዝር እንዳይል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ አንዲት የካሜራ ባለሙያ ፊልም ዝግጅት ላይ እያለች በእውነተኛ ጥይት ሞታለች። የመጫወቻ ሽጉጥ ያዝ፣ የአፈሙዙን እሳት ኤዲቲንግ ላይ ጨምረው። ሥልጠና የሌለው ሰውም ከደረጃ አይውደቅልህ። መንገዳገዱን ቅረጽ፣ ቁረጥ፣ ከዚያ ታች ተኝቶ ቅረጸው።

ሙሉ ፊልም ለመጀመር አትቸኩል። የ3 ደቂቃ ድብድብ ጨርስና ድምፁን ዘግተህ ለማያውቅህ ሰው አሳየው። ማን ማንን ለምን እንደሚመታ ጠይቀው። ግራ የገባው ቦታ ላይ እነዚያኑ የተወኑትን ልጆች ሰብስበህ ያቺን ሾት ብቻ ድገማት። ለፕሮዲውሰር የምታሳየው ሥራ እሱ ነው፤ የሰበሰብካቸው ልጆችም የቀጣዩ ፊልምህ ቡድን ናቸው።