ውሃ ሲነካዎት የሚያሳክክዎ ከሆነ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከሻወር ወጥቼ፣ ፎጣዬን አገልድሜ አልጋው ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ቅልጥሜ ላይ ይጀምረኛል፤ መጀመሪያ የመርፌ ጫፍ የሚነካካኝ ያህል፣ ከዚያ ጭኔን ይዞ ወደ ላይ። ቆዳዬን ባየው ሽፍታ የለ፣ እብጠት የለ። አንድ ሰዓት ያህል ሲያንገበግበኝ ቆይቶ ይተወኛል። ሐኪሞች «አኳጄኒክ ፕሩራይተስ» ይሉታል። ውሃው ቢሞቅም ቢቀዘቅዝም ያስነሳዋል።

«እከክ ነው፣ በደንብ ታጠብ»

ሲያክክ የታየ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይህንን ነው፤ መታጠብ ደግሞ የሚያስነሳው ራሱ ነገር ነው። እከክ ማታ ማታ ይብሳል፣ በጣቶች መሃል ይወጣል፣ ቤተሰብም ይጋባዋል። ይሄኛው አይጋባም። እናቴ «ሳሙናው ነው» ብላ ሦስት ዓይነት ሳሙና አስቀይራኛለች። ቀላሉ መፈተኛ አንድ እግርን ያለ ሳሙና፣ በባዶ ውሃ ብቻ ማራስ ነው።

ሁሉንም «የውሃ አለርጂ» ማለት

ውሃው የነካው ቦታ ላይ ትንንሽ እብጠት ከወጣ ሌላ ሕመም ነው፤ ደረጃ ሲወጡ፣ ፀሐይ ሲመታዎት ወይም ሚጥሚጣ ሲበሉ ጭምር የሚነሳ ከሆነም ምናልባት ላብና ሙቀት የሚያስነሳው ዓይነት ነው። ሐኪም ጋ ሲደርሱ ማሳከኩ አልፎ ቆዳዎ ደህና ስለሚሆን፣ በተነሳ ሰዓት በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ባዶ ቆዳ ቢሆንም ያንሱት፤ ምንም አለመታየቱም መረጃ ነው።

ደም ሳይመረመሩ መክረም

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። ከውሃ በኋላ የሚመጣ ማሳከክ አንዳንዴ «ፖሊሳይቴሚያ ቬራ» የሚባል፣ መቅኒ ቀይ የደም ሴል ከልክ በላይ የሚያመርትበት ሕመም ምልክት ነው፤ ሕመሙ ከመታወቁ ዓመታት ቀድሞ ሊጀምርም ይችላል። ሳይታከም ከቆየ ደም ሊረጋ ይችላል፤ ስትሮክና ድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) እስከማምጣት ይደርሳል። መነሻ ምርመራው ግን ተራው የደም ቆጠራ፣ ሲቢሲ የምንለው ነው። ሄሞግሎቢን፣ ማለትም በቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ለወንድ ከ16.5፣ ለሴት ከ16 ግራም በዴሲሊትር በላይ ከሆነ «ጃክ 2» የሚባለውን የዘረመል ምርመራ ይጠይቁ።

የእኔ 17.8 ነበር። ያየኝ ባለሙያ «አዲስ አበባ ከፍታ ስለሆነች ነው» ብሎ ሸኘኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ሄድኩ። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወንዶች አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 መሆኑን አሳይቷል፤ ባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም አይርቅም። አዲስ አበባ ደግሞ ከዚያ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም አስመረመረኝና የጃክ 2 የዘረመል ለውጥ ተገኘ።

ብዙ ሰው ተመርምሮ ደሙ ደህና ይሆናል። ያኔም ማሳከኩ እስካለ ድረስ ሐኪምዎ ባለዎት ጊዜ ይድገሙት።

ጸበል ቦታ ላይ ዝም ማለት

ጸበል ሲረጭበት ተወራጭቶ ቆዳውን የሚቧጥጥ ሰው ምን እንደሚባል እናውቃለን። እኔን አንዲት እናት «ልጄ፣ ያዘህ እንዴ?» ብለው እጄን ጥብቅ አድርገው ያዙኝ። ቤትም፣ ዝናብ ላይም፣ ዕቃ ሳጥብም እንደሚነሳብኝ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸውና ነጠላቸውን አለበሱኝ። ከመግባትዎ በፊት ለአንድ ሰው ይንገሩ፤ ጸበሉንም ሕክምናውንም መተው አያስፈልግም።

የተገኘውን ቅባትና ኪኒን መሞከር

ክሎቤታሶልን የመሰሉ ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባቶች ለወራት ሲቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ያልተቆጣ ቆዳ ላይ ደግሞ የሚያበርዱት ነገር የለም። ሴትሪዚን የሚባለው የአለርጂ ኪኒን አንዳንዱን ይረዳል፣ ብዙዎችን አይረዳም፤ አልሠራልኝም ብለው ተስፋ አይቁረጡ። የቆዳ ሐኪም የሚሰጠው የአልትራቫዮሌት ጨረር ሕክምና አለ፣ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ። አስፕሪንን ግን በራስዎ አይጀምሩ፤ ጨጓራ ሊያደማ ይችላል።

ቤኪንግ ሶዳ በመታጠቢያ ውሃ መበጥበጥ የሚያስታግስለት ሰው አለ። ሲገዙ ጽሑፉን ያንብቡ፤ እኔ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳፋዬ ውስጥ ስነሰንስ የቆየሁት ለኬክ የሚሆነውን ቤኪንግ ፓውደር ነበር።