በኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ሳትጠፉ እንዴት እንደምትሄዱ

ኒውዮርክ የገባሁ ሰሞን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም እንዴት እንደምሄድ የአክስቴን ልጅ ጠየቅኩት። «ከ42ኛ ስትሪት ሰማያዊውን መስመር ያዝ፣ 81ኛ ላይ ውረድ» አለኝ። እንደዚህ ብሎ መንገድ የሚያሳይ ዘመድ አይግጠማችሁ።

ክፍያው ቀላል ነው። የባንክ ካርዳችሁን ወይም ስልካችሁን መግቢያው ላይ ማስነካት ብቻ። ግን ሁልጊዜ በአንዱ ክፈሉ። በ7 ቀን ውስጥ 12 ጊዜ ከከፈላችሁ ቀሪው ጉዞ ነፃ ነው። አንዴ በካርድ፣ አንዴ በስልክ ካደረጋችሁት ግን ማሽኑ እንደ ሁለት ሰው ነው የሚቆጥራችሁ።

ከመክፈላችሁ በፊት ደረጃው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ማንሃተን (የከተማዋ ዋና ክፍል) ውስጥ አፕታውን ወደ ሰሜን፣ ዳውንታውን ወደ ደቡብ ነው። ብዙ ጣቢያ ላይ የሁለቱ መግቢያ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተለያይቶ ነው ያለው። ከተሳሳታችሁ በውስጥ መሻገሪያ ላይኖር ይችላል፤ ያኔ ወጥቶ መንገድ ተሻግሮ ሌላኛው በር መግባት ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ቀለሙን እርሱት። ቀለም የሚናገረው ባቡሩ ማንሃተን ውስጥ በየትኛው ጎዳና ስር እንደሚያልፍ ነው፤ የት እንደሚያደርሳችሁ አይደለም። ኤ፣ ሲ እና ኢ የሚባሉት ባቡሮች ሦስቱም በ8ኛ አቬኑ ስር ስለሚሄዱ ሰማያዊ ናቸው። ኢ ግን 50ኛን እንዳለፈ ወደ ሌላው የከተማዋ ክፍል፣ ወደ ኩዊንስ ይታጠፋል። ስለዚህ ፊደሉን ወይም ቁጥሩን ያዙ።

ፊደሉን ከያዛችሁ በኋላ ሎካል ነው ኤክስፕረስ? ሎካል በየፌርማታው ይቆማል፣ ኤክስፕረስ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ1904 ከተከፈተው የመጀመሪያ መስመር ጀምሮ ብዙ ቦታ ላይ አራት ሀዲድ የተዘረጋው ለዚህ ነው። እኔ ይህን የት አውቄ! ሰማያዊ ሲመጣ ዘልዬ ገባሁ። ኤ ነበር። 59ኛ ላይ ቆመ፣ ከዚያ መብረር ጀመረ። 72ኛ በመስኮት አለፈ፣ 81ኛም አለፈ። በሩ የተከፈተው 125ኛ፣ ሃርለም ላይ ነው። ሰባት ጣቢያ ዘሏል።

የባሰው መመለሻው ላይ መጣ። ደንግጬ ስለነበር ማዶ ተሻግሬ መጀመሪያ የመጣው ላይ ወጣሁ። እሱም ኤ! 81ኛን ለሁለተኛ ጊዜ በመስኮት አይቼ 59ኛ ወረድኩ። ኤ እና ሲ በአንድ ፕላትፎርም ግራና ቀኝ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ቀድሞ የመጣውን ሳይሆን የራሳችሁን ጠብቁ። እኔ የሚያስፈልገኝ ሲ፣ ወይም በሥራ ቀን ቢ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን የቀን ሕግ ነው። ሌሊት ሲ አይሠራም፣ ኤ ራሱ በየፌርማታው ይቆማል። ባቡሩ 24 ሰዓት ስለሚሠራ የሀዲድ ጥገናው ሌሊትና ቅዳሜና እሁድ ላይ ይከማቻል፤ ያኔ ኤክስፕረሱ ሎካል ሊሆን፣ ጭራሽ በሌላ መስመር ሊሄድም ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አንብቡ። በካርታ ብቻ መሄድ ቅዳሜ ዕለት አያዋጣም።

ከተጠራጠራችሁ ፕላትፎርሙ መሃል ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ሰሌዳ ተሰቅሏል። ኮንዳክተሩ (የባቡሩን በር የሚከፍትና የሚዘጋው ሠራተኛ) በመስኮት የሚታየው እዚያ ፊት ለፊት ነው። «81ኛ ይቆማል?» በሉት፤ ቶሎ ግን፣ ወዲያው ይሄዳል።

ቀጠሮ ስትይዙም «23ኛ ስትሪት ጣቢያ እንገናኝ» አትበሉ። በዚህ ስም የሚጠሩ አምስት ጣቢያዎች አሉ፣ እያንዳንዱ በተለያየ ጎዳና ላይ።

እና ባቡሩ ጢም ብሎ ሞልቶ አንዱ ፉርጎ ብቻ ባዶ ከሆነ፣ እድሌ ነው ብላችሁ አትግቡ። ወይ ማቀዝቀዣው ተበላሽቷል፣ ወይ ደግሞ በሩ ከተዘጋ በኋላ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።